ሳትወልድ የመጣላት ወተት

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ «ራዲዮ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። በፀጉር ቤቱ መደርደሪያ ላይ የነበረው እውነተኛው ራዲዮ ተበላሽቶ ዝም ሲል ማንም ልብ አላለውም ነበር፤ ሰውየው መቀሱን አንዴ ካነሳ ወሬው መቋረጫ የለውማ! ሚስቱ ግን ዝምተኛ ነበረች። ከታችኛው መንገድ ላይ ባለ ፍራሽ ቤት ጥጥ ስትሞላ፣ በወፍራም መርፌ የፍራሽ ጠርዝ ስትሰፋ ትውላለች። ስትመለስ የጥጥ ብናኝ ፀጉሯ ላይ ሰፍሮ ይመጣል፤ እሱም «ያለ ዕድሜሽ ሸበትሽብኝ እኮ፣ ጥጥዬ» እያለ በብሩሹ ያራግፍላታል። እሱ ያወራል፣ እሷ ትስቃለች። ትዳራቸው እንዲህ ነበር፤ ያያቸው ሁሉ የሚቀናበት ትዳር።

ታዲያ ይህ ቤት ምን ጎደለው? አንድ ነገር ብቻ... ልጅ። ያልረገጡት የሐኪም ቤት ደጃፍ አልነበረም። አንዱ «እሷ ናት» አለ፣ ሌላው «እሱ ነው» አለ፣ የመጨረሻው ደግሞ «ሁለታችሁም ደህና ናችሁ» ብሎ አሰናበታቸው፤ ከሁሉም የከፋው መልስ እሱ ነበር። ደህና ሆኖ ማጣትን የመሰለ ምን አለ? በፍራሽ ቤቱ የሕፃን ፍራሽ ትዕዛዝ ሲመጣ ባልደረቦቿ ተጠቃቅሰው ከፊቷ ዘወር ያደርጉት ነበር። እንዳይከፋት ብለው ነው። እሷ ግን ጨርቁ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ጫፍ ሲተላለፍ ታያለች፣ ያላየች መስላ መርፌዋን ታስገባለች። አልጋቸው እንኳ በሐኪም ቀጠሮና በሐኪም ትዕዛዝ ብዛት የሥራ ቦታ መስሎ ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቁታል፤ አንዳቸውም ግን አፍ አውጥተው አይናገሩትም።

ፀጉር አስተካካዩ አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው። ወላጆቻቸው ቀድመው ስላለፉ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «ሚጢ» ብሎ የሚጠራትም እሱ ነው። ሚጢ አድጋ በአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሆነች። አንድ ሹፌር ወደደች። ምን ያደርጋል! ለስንቱ መንገደኛ የደርሶ መልስ ትኬት የምትቆርጠው ልጅ፣ የራሷ ሰው ሄዶ የሚቀር መሆኑን አላወቀችም። አንድ እሁድ ከሰዓት ወንድሟ ቤት መጥታ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠችና አንገቷን ደፍታ ማርገዟን ነገረቻቸው። ወንድሟ ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ጉልበቱን ያዝ አደረገችው። ሚጢ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀጠለች። ብቻዋን ማሳደግ እንደማትችል፣ እነሱ ቤት ደግሞ ልጅ እንደሌለ ተናገረች። የሚወለደው ልጅ የእነሱ እንዲሆን እሷው በራሷ አፍ ጠየቀች። ማንም አልጠየቃትም፣ ማንም አላስገደዳትም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ ቃል ነውና የመጣው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ፍራሽ ሰፊዋ ሌላ ሰው ሆነች። ሚጢን ለምርመራ ይዛ የምትሄደው እሷ ናት፤ ፍሬ ገዝታ የምታበላት፣ እግሯን የምታሽላት እሷ ናት። በሐኪም ቤቱ ያለችው አዋላጅ ጠና ያለች፣ ቀልዷ ደረቅ ያለ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ሚጢ ሽንቷን ለማስመርመር ስትወጣ ፍራሽ ሰፊዋ ጠጋ ብላ ስለ ጡጦ ጠየቀቻት፤ የትኛው ይሻላል፣ እንዴት ይቀቀላል ብላ። አዋላጇ ከመነጽሯ በላይ አየቻት።

«ጡትሽ ምን ሆነና ነው ጡጦ የምትፈልጊው?»

«እኔማ... አልወለድኩም ሲስተር።»

«እሱን አውቃለሁ። ወተት ግን ሲጠቡት የሚመጣ ነገር ነው። ሳትወልድ ያጠባች ሴት በዚህ በዓይኔ አይቻለሁ። ለሁሉም አይሆንም፣ ሲሆንም ጥቂት ሊሆን ይችላል። ግን ከአሁኑ ከጀመርሽ፣ በየጥቂት ሰዓቱ በእጅሽም እያለብሽ፣ በአፍም እየተጠባ...»

«በማን አፍ?»

አዋላጇ የያዘችውን ብዕር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ባል የለሽም እንዴ?» አለች።

ፍራሽ ሰፊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እስከ ቤቷ ድረስ የሄደችው፣ ሚጢ የምትነግራትን ሳትሰማ ነው። ለባሏ እንዴት ትንገረው? ምንስ ብላ ትጀምረው? ምሳ አቅርባ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ፣ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ራዲዮ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ጉርሻው እጁ ላይ እንዳለ ቆየ። እሷ አፍራ ልትነሳ ስትል «እና መቼ ነው የምንጀምረው?» አለ፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስንት ዘመን እንዲህ ስቀው አያውቁም ነበር!

የምሳ ሰዓት የእነሱ ሰዓት ሆነ። እሷ ከፍራሽ ቤቱ ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ትመጣለች፣ እሱ «ተዘግቷል» የምትለዋን ሰሌዳ በሩ ላይ ሰቅሎ ይመጣል፣ መጋረጃው ይጋረዳል። መጀመሪያ አካባቢ ይተፋፈሩ ነበር። በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት ትዳር በኋላ፣ እንደ ሙሽሮች ተፋፈሩ። ጺሙ ወጋት። ራዲዮ የሚመካበትን፣ በየጠዋቱ በትንሿ መቀሱ የሚያስተካክለውን ሪዙን በነጋታው ሙልጭ አድርጎ ላጨው። ደንበኞቹ ጉድ አሉ። «ምነው ራዲዮ፣ አንቴናህን ነቀልከው?» ብለው ሲቀልዱበት ዋሉ። እሱ ስቆ ዝም አለ፤ ሊናገረው እያማረው ዝም ያለው ያን ነገር ብቻ ነበር።

ሳምንታት አለፉ፤ ምንም የለም። አሁንም አለፉ፤ ምንም። ከቁስለት በቀር ምንም። «እንተወው ይሆን?» ስትለው «ደርሰናል፣ ትንሽ ነው የቀረን» ይላታል፣ ከየት እንዳመጣው እሱ ራሱ ሳያውቅ። አንድ ቀትር ላይ ግን ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ርሷል። ጣቱን ወደ ከንፈሩ ወስዶ አሳያት። አንዲት ጠብታ፣ ቢጫ ቢጤ ወፍራም ጠብታ... ፍራሽ ሰፊዋ ጡቷን በመዳፏ ይዛ፣ የሌላ ሰው አካል እንደሆነ ሁሉ፣ በመገረም አየችው። ያ መካን ተብሎ የተወቀሰ ገላ! የሐኪም መርፌ የሰለቸው ገላ! ባሏ ግንባሩን ደረቷ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። ያን ቀን ፀጉር ቤቱ ከሰዓት በኋላም አልተከፈተም።

የእህቲቱ ሆድና የሚስቲቱ ጡት አብረው ገፉ። ሚጢ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች አልጋው ላይ ጋደም ትልና ትስቃለች፤ «እትዬ፣ እኔ ሆዱን፣ አንቺ ጡቱን፣ ተካፍለን አረገዝን እኮ» ትላታለች። ወተቱ ሲበዛ ፍራሽ ሰፊዋ ከምትሞላው ጥጥ ቆንጥራ ጡት መያዣዋ ውስጥ ትሸጉጥ ጀመር። ከእነዚያ ወራት የሚበልጥ ደስታ በዚያ ቤት አልታየም፤ ከዚያም በኋላ አልታየም።

ምጡ የመጣ ዕለት ፍራሽ ሰፊዋ በማዋለጃው ኮሪደር ወንበር ላይ አዲስ ብርድ ልብስ ታቅፋ ተቀመጠች። ባሏ ወዲያ ወዲህ ይላል። ከበሩ ኋላ የሕፃን ልቅሶ ሲሰማ ከማንም ቀድሞ የሰማው ጡቷ ነው፤ ወተቱ ጥጡን አልፎ፣ ቀሚሷን አልፎ፣ የያዘችውን ብርድ ልብስ አረሰረሰው። አዋላጇ ወጥታ «ሴት ናት» አለቻቸው። ገቡ።

ሚጢ ትራስ ተደግፋ ነበር። ሕፃኗ ደረቷ ላይ ናት፤ አፏ የእናቷን ጡት አግኝቷል። ሚጢ ቀና ብላ የወንድሟን ሚስት፣ ቀሚሷ ላይ የሰፋውን እርጥበት አየች።

«እትዬ... አልቻልኩም። አልሰጥሽም። ይቅር በይኝ፤ አልቻልኩም።»

መልስ የሰጠው ባሏ ነው። የሚስቱን እርጥብ ቀሚስ አየ፣ የእህቱን ክንድ አየ፣ ያ ሁሉ ቀትር፣ ያ ሁሉ ተስፋ በፊቱ ሄደበት። አያት ቅድመ አያት ለቃል ክብር የሚሉትን፣ ማንም በቁሙ አስቦበት የማያውቀውን አባባል፣ ራሷን ላልቻለች አራስ፣ ገና እትብቷ ያልደረቀ ሕፃን ላቀፈች እህቱ አወጣው።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው የሚባለው» አላት።

አዋላጇ እንኳ ዞር ብላ አየችው። ሚጢ ልጇን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ፍራሽ ሰፊዋ ባሏን «ተው» ብላ እጁን ያዘችው፤ ከዚያ አልጋው ዘንድ ቀርባ የረጠበውን ብርድ ልብስ ትታ፣ የሕፃኗን ተረከዝ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችና «ልጅሽ ናት፤ ደህና አድርገሽ ያዣት» አለች። በሩን የዘጋችው እሷ ናት፣ ቀስ ብላ። ወንድምየው ግን መንገዱን ሙሉ እህት የለኝም እያለ ሄደ። ደም ውሃ ሆነ ማለት ይህ አይደለም? ወይ ነገር!

ቤት ሲገቡ ወተቱ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። እሱ ምን ያውቃል? ና ብለውት መጥቷል፤ ሂድ ቢሉት ወዴት ይሄዳል? ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጠረ፣ ትኩሳት ለቀቀባት። አዋላጇ ጡቷን ጥብቅ አድርጋ እንድታስረውና ሳታልበው እንድትተወው፣ በጊዜው እንደሚደርቅ መክራት ነበር። ፍራሽ ሰፊዋ አልቻለችም። ወተቱ ከደረቀ ልጅቷ ለዘላለም ሄደች ማለት ነው፤ እስካለ ድረስ ግን... እስካለ ድረስ ማን ያውቃል? ሚጢ ብቻዋን ናት፣ ሥራ አለባት፤ አንድ ቀን በሩን ታንኳኳ ይሆናል። ይህን ለባሏ አልነገረችውም። ጡቷን ከፍታ «ያመኛል» ብቻ አለችው። እሱም ጠጋ አለ።

የምሳው ሰዓት ቀጠለ፤ ነገር ግን ድሮ የነበረው አልነበረም። ድሮ ይሳሳቁ ነበር፤ አሁን ሳቁ ቀረ። እሱ እየጠባ እንባው ደረቷ ላይ ይወርዳል፣ እሷ የሰው ፀጉር ሲያስተካክል በዋለው ጭንቅላቱ ላይ እጇን አኑራ ጣራ ታያለች። ለቅሶ ሳይቀመጡለት የቀረውን ሐዘን በዚያ አልጋ ላይ ተቀመጡለት። ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲሆኑ የሚተዛዘኑበት መንገድ ስንትና ስንት ነው! ይህም የእነሱ ነበር። ያላጣ ሰው ሊስቅበት ይችላል፤ ያጣ ግን አይስቅም። እሷም በዚያ መሃል ደህና ሆነች፤ ቀለም ወጣላት፤ ከባሏ ደብቃ አንዲት ትንሽ ፍራሽ ሰፍታ ለሚጢ እስከ መላክም ደረሰች። ሚጢ ተቀበለች፤ መልስ ግን አላከችም። ምን ብላ ትላክ?

አንድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ አንድ ጎረምሳ ተቀመጠ። ሚስቱ ወልዳ ታማበት፣ ወተት እምቢ ብሏት፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ ስላደረ የጎረምሳው ዓይን ደም መስሏል። ራዲዮ አዘነለት። ሊያጽናናው ብሎ ነው፣ ሌላ ምንም አልነበረበትም። ወተት ተስፋ የማይቆረጥበት ነገር መሆኑን፣ ታግሠው ከጠሩት እንደሚመጣ ነገረው። ጎረምሳው እንዳላመነ ራሱን ሲነቀንቅ ጊዜ፣ «የወለደች ቀርቶ ያልወለደች ታመጣለች! ይኸው የኔዋን እኔው ራሴ ምሳ ሰዓት እየሄድኩ...» አለና መቀሱ አየር ላይ ቀረ። በመስታወቱ ውስጥ አያቸው፤ አግዳሚው ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያን ወሬ ማን ይመልሰው? ፍራሽ ቤቱ ከእሷ ቀድሞ ሰምቶ ጠበቃት። ጥጥ የምታፍታታው ሴት፣ አፏ ከእጇ የሚፈጥነው፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አንቺ፣ ያ ትልቁ ሕፃንሽ ጥርስ አወጣ?» አለቻት። ሳቁ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። ያኔ የሕፃን ፍራሽ እንዳይከፋት የሚደብቁላት እነዚያው ሴቶች ናቸው የሳቁት። መርፌው አውራ ጣቷ ውስጥ ገብቶ ደሟ ነጩን ጨርቅ አበላሸው። ተነሳችና ወጣች።

ባሏ በምሳ ሰዓት ሲመጣ በሩ ከውስጥ ተቆልፎ አገኘው። አንኳኳ። ለመነ። በበሩ ስንጥቅ በኩል ሁሉንም ነገራት፤ ጎረምሳውን፣ ሕፃኑን፣ እንዴት እንዳዘነለት። ከዚያ ድምፅዋ ከበሩ ኋላ መጣ፤ ቁጣ የለበትም፣ ድካም ብቻ ነው።

«የዓለሙን ወሬ ሁሉ ስታወራ አንድ ቀን ዝም በል ብዬህ አላውቅም። ይህቺን አንዲቷን ልታስቀርልኝ አልቻልክም?»

ከፍራሽ ቤቱ ያመጣችው ጠንካራ ጨርቅ ነበራት። ቆረጠችው፣ በድርብ ስፌት ሰፋችው፣ ደረቷን በእሱ ጠፍራ አሰረች። ትኩሳቱን ብቻዋን ቻለችው። ባሏ ውሃ ሲያቀብላት ትቀበላለች፣ ሲጠጋት ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ከቀን ወደ ቀን ህመሙ ጎደለ፣ ወተቱም ጎደለ፤ አንድ ቀን ማሰሪያውን ስትፈታ ጨርቁ ደረቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ወራት፣ በዚያ ሁሉ ፍቅር የተጠራው ወተት፣ በአንዲት ሳቅ ሄደ። ፀጉር ቤቱም ዝም አለ። ደንበኞቹ «ራዲዮ፣ ባትሪህ አለቀ እንዴ?» ብለው ቢጠይቁት «ከላይ ላሳጥረው ወይስ ከጎን?» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምን ነበር! ግን መከራ ብቻውን አይመጣም። አንድ ረፋድ ላይ ፍራሽ ሰፊዋ ልብስ ስታሰጣ ታክሲ ደጃፏ ላይ ቆመ። ሚጢ ወረደች፤ ልጇን ታቅፋለች። ከመኪናው እስከ በሩ ያለችውን አጭር መንገድ ሁለቴ አርፋ ነው የደረሰችው። እግሯ ከጫማዋ በላይ አብጧል፣ ከንፈሯ ጠይሟል። ፍራሽ ሰፊዋ ሮጣ ደግፋ አስገባቻት፣ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ያ ሁሉ ቂም የት ገባ? እንጃ። ስታያት ቂሙ አልነበረም።

ሚጢ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነገረቻት። ከወሊዱ በኋላ ልቧ ደክሟል። መጀመሪያ የአራስ ድካም መስሏት ተወችው፤ አሁን ሐኪሞቹ ዛሬውኑ ካልተኛሽ ብለዋታል፤ በሚሰጧት መድኃኒት ምክንያት ማጥባትም ከልክለዋታል። ሕፃኗ ደግሞ ጡጦ አትይዝም፤ ጡት ብቻ ነው የምታውቀው። ይህን ተናግራ ሚጢ ፈገግ አለች። በዚያ በጠየመ ከንፈር ፈገግ አለች!

«እንዴት ልምጣ እያልኩ እንደነበር ታውቂያለሽ እትዬ? በምን ፊቴ? ግን ወሬው ትኬት ቢሮ ድረስ መጣ። ሰዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን መስኮቱን ዘግቼ አለቀስኩ። ወተቷ አለ ማለት ነው አልኩ። እግዜር ለልጄ አስቀመጠላት አልኩ።»

ፍራሽ ሰፊዋ ምን ትበላት? ሌላውን ሁሉ ያሳቀ ወሬ፣ እሷን የገደለ ወሬ፣ ለዚህች ልጅ የምሥራች ሆኖላት ነበር። የተጠበቀችው እንግዳ በሩን አንኳኩታ መጣች፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። «ደርቋል» ልትል አፏን ከፈተች። የሚጢን ዓይን አየች። «አምጫት» አለችና ሕፃኗን ተቀበለች።

ራዲዮ ከፀጉር ቤቱ ተጠርቶ መጣ፤ ነጩ የሥራ ልብሱ ላይ የሰው ፀጉር እንደተበተነ፣ እህቱ እግር ሥር ተደፋ። ያበጠ እግሯን አቅፎ «አፌ ነው ሚጢ፣ አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም» እያለ ደጋገመው። እሷ ፀጉሩን ዳበሰችው። «አውቃለሁ ጋሼ። አንተ ዝም ማለት መቼ ታውቃለህ» አለችው። ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባት።

ሚጢ ሆስፒታል ተኛች። ሕፃኗ ቤት ቀረች። ጡጦ ሲሰጧት ፊቷን ታዞራለች፣ በማንኪያ ሲያቀምሷት ግማሹን ትተፋለች፤ ሌት ተቀን ታለቅሳለች። አዋላጇ መጥታ አየቻትና በማንኪያው እንዲታገሡ፣ ጡጦውንም እንዳይተዉ መከረቻቸው። ፍራሽ ሰፊዋ ስለ ራሷ ወተት ስትጠይቃት መመለሱ ባይቀርም ሳምንታት እንደሚፈልግ ነገረቻት። ሳምንታት ከየት ይምጡ? አንድ ቀትር ላይ ባሏ መጋረጃውን ጋረደ። በሩ ከተቆለፈበት ቀን ወዲህ ነክቷት አያውቅም። «እንሞክር?» አላት፤ እሷም ቀሚሷን ከፈተች። እንደ ድሮው ጠጋ አለ፤ ምንም አልነበረም። ደጋገሙት፤ በበነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ። ከጨው እንባ በቀር አፉ የገባ ነገር የለም። ይቅር ግን ተባባሉ፤ ሳይናገሩት፣ በዚያው በባዶው ጡት ላይ።

ከሆስፒታሉ ስልክ ሲደወል ሕፃኗን ይዘው እንዲመጡ ብቻ ነው የተነገራቸው። ሚጢ በአፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት፣ በትራስ ላይ ትራስ ተደራርቦላት ተቀምጣ ነበር፤ መተኛት ያፍናታል። ወንድሟን አየች፣ ልጇን አየች፣ መጨረሻ ላይ የወንድሟን ሚስት አየች።

«እትዬ፣ እዚህ አጥቢያት። ልያችሁ።»

ፍራሽ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ መሬት መሬት ያያል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የቀሚሷን ቁልፍ ፈታች፣ ሕፃኗን አስጠጋቻት። ያቺ ጡጦ ስትሸሽ የሰነበተች ልጅ፣ የጡት ሽታ ሲደርሳት አፏን ከፍታ ፈለገች፣ አገኘች፣ ያዘች። ጠባች። ምንም በሌለበት ጠባች። ልቅሶዋም ቆመ።

«እየመጣ ነው?» አለች ሚጢ።

«እየመጣ ነው።»

«ብዙ ነው?»

«ብዙ ነው፣ ሚጢዬ። ተርፏት ይፈሳል።»

ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ከቆመበት ጠጋ አለ። ሰፈሩን ሁሉ ሲያስቅ የኖረው፣ አንዲት ቃል መደበቅ ያቃተው ሰው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ጎንበስ አለ፤ በአውራ ጣቱ የሕፃኗን ደረቅ አገጭ፣ ወተት የፈሰሰበት ይመስል፣ ቀስ አድርጎ ጠረገው። ጣቱንም በልብሱ ላይ አደረቀ። ሚጢ ይህን አየች። ትከሻዋ ረገብ አለ። ልጇ ስትጠባ እያየች፣ ዓይኗ ሳይከደን፣ ትንፋሿ ቆመ። ሕፃኗ አላወቀችም፤ ነርሷ መጥታ ቱቦውን እስክታወጣ ድረስ ትጠባ ነበር።

ልጅ ሳይኖር ወተት መጣ፣ ልጅ ስትመጣ ወተት አልነበረም። ይህን ማን አዘዘው? ዕድል ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንጃ። ዕድልማ ሁሉንም ሰጥቷቸው ነበር፤ ጊዜውን ብቻ ነው የነሳቸው። ሕፃኗ ውሎ አድሮ ጡጦውን ለመደች፣ አደገችም። የፍራሽ ሰፊዋ ወተት ግን ቢጠሩት ቢጠሩት ተመልሶ አልመጣም። በለቅሶው ሰሞን ቀድሞ የሳቁባት ሴቶች ሊያጽናኑ መጥተው፣ የሚጢ መጨረሻ እንዴት እንደነበር ሲጠይቁ፣ መልስ የሰጠው ባሏ ነው።

«ልጇ ስትጠግብ አይታ ነው የሄደችው» አላቸው።